የቤታ ዓሣ ክንፍ ሲጎዳ፦ ለሰሜን ሸዋ ደጋ አሳዳጊዎች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ቤታ ዓሣ የሞቃት አገር ፍጥረት ነው። የትውልድ ቦታው በታይላንድና በአካባቢዋ ባሉ አገሮች የሚገኙ የሩዝ ማሳዎች፣ ረግረጎችና ጥልቀት የሌላቸው ቀስ ብለው የሚፈሱ ውሃዎች ሲሆኑ፣ የሚስማማው የውሃ ሙቀትም ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊት ሌሊት ውርጭ ይጥላል፣ በባልዲ ያደረ ውሃም ጠዋት ሲነኩት እጅ ያደነዝዛል። ስለዚህ በደብረ ብርሃን፣ በአንኮበር ወይም በመሐል ሜዳ ቤታ የሚያሳድግ ሰው የዓሣው ክንፍ ተቀዶ ወይም ተበልቶ ሲያገኘው፣ ለሞቃት አገር ሰዎች የተሰጠውን ምክር እንዳለ ወስዶ ቢሠራበት ብዙ ጊዜ አይሳካለትም።

አብዛኛው የክንፍ ጉዳት መድኃኒት አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ንጹሕ ውሃ፣ የማይዋዥቅ ሙቀትና ጉዳቱን ያመጣው ነገር መወገዱ ነው፤ እነዚህ ሦስቱ ሳይሟሉ የሚጨመር መድኃኒት ገንዘብ ከማባከን አልፎ ዓሣውን ይጎዳል። ቅደም ተከተሉም ራሱን የቻለ ትልቅ ጉዳይ ነው። ቆሻሻ ውሃን በቅድሚያ ማሞቅ ዓሣን ሊገድል ስለሚችል፣ ከዚህ በታች የተቀመጡትን እርምጃዎች በተቀመጡበት ተራ መከተል ይገባል።

አንደኛ፦ ጉዳቱን መለየት

ውሃው ውስጥ አንዳች ነገር ከመጨመርዎ በፊት ዓሣውን በደንብ ይመልከቱት። ከመስተዋቱ ኋላ ጥቁር ጨርቅ ወይም ወረቀት ያስቀምጡ፤ የእጅ ባትሪ በጎን በኩል ያብሩ፤ ክንፉን እስኪዘረጋ ድረስ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ከዚያም በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። በየሁለት ቀኑ በዚያው ቦታና በዚያው ብርሃን የሚነሣ ፎቶ፣ ቁስሉ እየሰፋ ወይም እየዳነ መሆኑን ከዐይን ትዝታ ይልቅ በእርግጠኝነት ይናገራል።

የቤታ ክንፍ የተሠራው ከሥሩ ተነሥተው እስከ ጠርዙ ከሚዘረጉ ቀጫጭን ዘንጎችና በዘንጎቹ መካከል ከተወጠረ ስስ ቆዳ ነው። ቆዳው ብቻ በዘንጎቹ መካከል ቀጥ ብሎ ከተሰነጠቀ፣ ጠርዙም ንጹሕ ከሆነና ቀለሙ ካልተለወጠ፣ ጉዳዩ ተራ ቅዳጅ ነው፤ ዓሣው አንድ ነገር ላይ ተጠልፎ ይሆናል። የጭራው ጠርዝ በአንድ ሌሊት ግማሽ ክብ ሆኖ ተቦጭቆ ከተገኘ፣ ብቻውን የሚኖር ዓሣ ከሆነም ራሱን ነክሶ ሊሆን ይችላል። ረጅም ጭራ ያላቸው ወንዶች፣ በተለይም ሃፍሙን የሚባሉት፣ ጭራቸው ስለሚከብዳቸው ወይም በጭንቀት ምክንያት የራሳቸውን ጭራ ይነክሳሉ። አፉ ሊደርስበት የማይችለው ክንፍ፣ ለምሳሌ ከደረቱ በታች ያሉት ሁለቱ ቀጫጭን ክንፎች፣ ከተጎዱ ግን ራሱን ነክሷል ማለት አይቻልም።

የክንፍ መበስበስ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ሌላ መልክ አለው። ጠርዙ ቀጥ ብሎ አይሰነጠቅም፤ እየተሸራረፈ፣ እየቀለጠ ከዳር ወደ ሥር ይሄዳል፤ ዳሩም ይጠቁራል፣ ይቀላል ወይም ይነጣል። በዘንጎቹ ላይ የደም ሥር የሚመስሉ ቀያይ ጭረቶች ከታዩ በሽታው ጠንክሯል ማለት ነው። ክንፉ ላይ፣ አፉ ዙሪያ ወይም ጀርባው ላይ ነጭ ወይም ግራጫ የጥጥ ብናኝ የሚመስል ነገር ከታየ ደግሞ ኮለምናሪስ የተባለው በሽታ ሊሆን ይችላል። ይህ በፍጥነት የሚገድል በሽታ ስለሆነና የሙቀቱ አያያዝም ከሌሎቹ ስለሚለይ፣ ከዚህ በታች ለብቻው ተመልክቷል።

ጤነኛውን በሽተኛ ብሎ ማከምም አደጋ አለው። ክራውንቴይል የሚባለው ዝርያ በተፈጥሮው ዘንጎቹ ከቆዳው አልፈው ስለሚወጡ፣ ለማያውቀው ሰው የተበላ ክንፍ ይመስላል። የአንዳንዱ ዓሣ ክንፍ ጠርዝም ከመጀመሪያው ጥቁር ነው። ዓሣውን ሲገዙ የተነሣ ፎቶ ካለ ያነጻጽሩ፤ ለወራት ሳይለወጥ የቆየ ጥቁር ጠርዝ ቀለሙ እንጂ በሽታው አይደለም።

ሁለተኛ፦ ምክንያቱን ፈልጎ ማስወገድ

ለተራ ቅዳጅ መነሻው ብዙውን ጊዜ ጌጡ ነው። በአኳሪየሙ ውስጥ ያለውን ድንጋይ፣ የሸክላ ቤትና የፕላስቲክ ተክል አንድ በአንድ አውጥተው አሮጌ የሴት ስስ ስቶኪንግ ይጎትቱበት። ስቶኪንጉን የሚይዝና የሚስበው ነገር ሁሉ የቤታን ክንፍ ይቀድዳል። ጠንካራ የፕላስቲክ ቅጠሎች ያለ ምንም ምሕረት ይወገዱ። የፊልተሩን መሳቢያም ይፈትሹ፤ መሳቡ ኃይለኛ ከሆነ አፉን በስፖንጅ ይሸፍኑት፤ የሚተፋው ውሃ ዓሣውን የሚገፋው ከሆነም ወደ መስተዋቱ ያዙሩት። ቤታ በጸጥተኛ ውሃ የኖረ ዓሣ በመሆኑ፣ ቀኑን ሙሉ ከሞገድ ጋር ሲታገል የሚውል ከሆነ ክንፉ አይድንም።

አብሮት የሚኖር ሌላ ዓሣ ካለ መለየት የግድ ነው። ሁለት ወንድ ቤታዎች በአንድ ውሃ ውስጥ ፈጽሞ አይኖሩም። የራሱን ምስል በመስተዋቱ እያየ ጉሮሮውን ነፍቶ ሲታገል የሚውል ከሆነ፣ በሚያየው በኩል ወረቀት ይለጥፉ ወይም የክፍሉን መብራት አቅጣጫ ይለውጡ።

በአካባቢያችን አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ቤታዎቻችን በአብዛኛው የሚመጡት ከአዲስ አበባ ሲሆን፣ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ በጠባብ ፌስታል ተጨናንቀው በሚኒባስ ወይም በአውቶቡስ ይጓዛሉ። በፌስታሉ ውስጥ ያለው ውሃ ከዓሣው በሚወጣ አሞኒያ ይመረዛል፤ ጣርማ በርን ለመሻገር የሚጓዘው ደግሞ ብርዱ ይጨመርበታል። ዓሣውን ሲያመጡ ከፌስታሉ አንድ ሦስተኛው ውሃ፣ የቀረው አየር እንዲሆን ሻጩን ይጠይቁ፤ ፌስታሉን በጋቢ ጠቅልለው በሣጥን ይያዙ፤ ቤት ሲደርሱም የፌስታሉን ውሃ ወደ አኳሪየሙ አይድፉ።

ሦስተኛ፦ ውሃውን ማጽዳት

የዚህ ሥራ ግማሹ እዚህ ላይ ነው። ዓሣ በስንጥቡ፣ ማለትም በውሃ ውስጥ በሚተነፍስበት አካሉ፣ አሞኒያ ያስወጣል፤ የተረፈ ምግብና ኩስም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። ይህ ኬሚካል ክንፍን ይለበልባል፣ ቁስልንም ለባክቴሪያ ያጋልጣል። በደንብ በተቋቋመ ፊልተር ውስጥ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሞኒያን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ብዙም ጉዳት ወደሌለው ናይትሬት ይለውጡታል። ነገር ግን እነዚህ ባክቴሪያዎች በብርድ ውሃ ሥራቸው በጣም ይዘገያል። የደብረ ብርሃን አኳሪየም ማሞቂያ ከሌለው ፊልተሩ ቢኖርም ሥራውን እየሠራ ነው ማለት አይቻልም።

አሞኒያ በውሃ ውስጥ ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ መርዛማ፣ ሌላው ጉዳቱ ቀለል ያለ ነው። ውሃው በሞቀና ፒኤች (የውሃው አሲዳማነት መለኪያ) ከፍ ባለ መጠን መርዛማው ድርሻ ይጨምራል። ስለዚህ አንድ ሰው ለሳምንታት ያልተቀየረ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ማሞቂያ ከትቶ ወዲያውኑ ሙቀቱን ወደ 27 ዲግሪ ቢያደርሰው፣ እስከዚያ ጊዜ ብዙም ያልጎዳው አሞኒያ ባንድ ጊዜ መርዝ ይሆንበታል። መጀመሪያ ውሃ ይቀየራል፤ ሙቀት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ለመቀየሪያ የሚሆነውን ውሃ አስቀድመው ያዘጋጁ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ይኖረዋል፤ ክሎሪን ደግሞ ስንጥብን ያቃጥላል፣ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎችም ይገድላል። ክሎሪን ማስወገጃ ፈሳሽ ከአዲስ አበባ የአኳሪየም መደብሮች ማግኘት ከተቻለ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን መጠቀም ይሻላል። ካልተገኘ ውሃውን አፈ ሰፊ በሆነ ባልዲ ቀድተው ሳይከድኑ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ያሳድሩት፤ በመሀሉም ደጋግመው ያማስሉት። ክዳኑ በጠበቀ ጀሪካን ውስጥ ያደረ ውሃ ክሎሪኑ ስለማይወጣለት ለዚህ አይሆንም፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው ይህን በተለይ ያስተውል። ለመጠጥ ተብሎ ውሃ አጋር የተባለው ማከሚያ የተጨመረበት ውሃም ክሎሪን የተጨመረበት ስለሆነ፣ ለዓሣው ከተቀመጠው ባልዲ ጋር እንዳይቀላቀል ለቤተሰቡ ሁሉ ይነገር።

ባልዲው ለዓሣው ብቻ የተለየ ይሁን። ሳሙና ወይም ኦሞ የነካው ዕቃ ምን ያህል ቢለቀለቅ ለዚህ ሥራ አይታመንም። እጅዎም ሎሽን፣ ቅቤ ወይም የሳሙና ቅሪት እንዳይኖረው በንጹሕ ውሃ ብቻ ደጋግመው ይታጠቡት።

ያደረው ውሃ ከአኳሪየሙ ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ፣ በማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ያመጣጥኑት። በቴርሞሜትር ሲለካ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ዲግሪ መብለጥ የለበትም። የሰውነት ትኩሳት መለኪያው ባለ መስተዋት ቴርሞሜትር ከ35 ዲግሪ በታች ስለማያሳይ ለዚህ አይጠቅምም፤ ለአኳሪየም የሚሸጠው ወይም ጫጩት አሳዳጊዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት ይሻላል። በእጅ መዳሰስ አይበቃም፤ ከብርድ የገባ እጅ 18 ዲግሪ የሆነውን ውሃ ለብ ያለ ያስመስለዋል።

ከዚያም በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ከታች የተቀመጠውን ቆሻሻ እየሳቡ የድሮውን ውሃ ያውጡ። ፊልተር ለሌለው 10 ሊትር ገደማ ለሚይዝ ዕቃ በሕክምናው ጊዜ በየቀኑ ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን ውሃ መቀየር ያስፈልጋል። በሚገባ የሚሠራ ፊልተር ላለው 20 ሊትርና ከዚያ በላይ ለሆነ አኳሪየም በየሁለት ቀኑ 25 በመቶ ገደማ ይበቃል። አዲሱ ውሃ በዓሣው ላይ ሳይሆን በጎን በኩል በቀስታ ይንቆርቆር። የፊልተሩ ስፖንጅ መታጠብ ካለበት ከአኳሪየሙ በወጣው አሮጌ ውሃ ብቻ ይታጠብ፤ በቧንቧ ውሃ የታጠበ ስፖንጅ ባክቴሪያዎቹ አልቀውበት ባዶ ይሆናል።

ቤታ በአበባ ማስቀመጫ ወይም በጠባብ ብርጭቆ ይኖራል የሚለውን አነጋገር እኔ አጥብቄ እቃወማለሁ። ትንሽ ውሃ ቶሎ ይቆሽሻል፤ በእኛ አየር ደግሞ ቶሎ ይቀዘቅዛል። በ1 ሊትር ብርጭቆ ውስጥ የተቀመጠ ዓሣ በደብረ ብርሃን አንዲት ሌሊት ብዙ ዲግሪ ይወርድበታል፤ ሲነጋ ደግሞ ፀሐይ ካገኘችው መልሶ ይሞቃል። እንዲህ ያለ መዋዠቅ የዓሣውን በሽታ የመከላከል አቅም ይሰብራል። ቢያንስ 10 ሊትር፣ ቢቻል 20 ሊትር ይሁን።

አራተኛ፦ ሙቀቱን ማስተካከል

ውሃው ከተቀየረ በኋላ ሙቀቱ ወደ 26 ዲግሪ ገደማ ይደርስ ዘንድ ቀስ በቀስ ይጨመራል፤ በሰዓት ከ1 ዲግሪ ባይበልጥ ይመረጣል። ውሃው 16 ወይም 17 ዲግሪ ላይ ከተገኘ ሥራው ቀኑን ሙሉ ይወስዳል፤ ይህ መዘግየት ዓሣውን ስለሚጠብቀው አያስቸኩልዎ። ዓሣ ሙቀቱን ከውሃው የሚያገኝ ፍጥረት ስለሆነ፣ ውሃው ሲበርድ የምግቡ መፈጨት፣ የቁስሉ መጠገንና የሰውነቱ መከላከያ አብረው ይዘገያሉ። በብርድ ውሃ ውስጥ ለወራት ሳይድን የቆየ ቅዳጅ ሙቀቱ ሲስተካከል መዳን ሲጀምር ማየት የተለመደ ነው።

ማሞቂያው ራሱን የሚቆጣጠር ቴርሞስታት ያለው ይሁን። ለሞቃት ቤት 20 ሊትር ውሃ 25 ዋት ይበቃዋል ይባላል። ክፍሉ ሌሊት 10 ወይም 12 ዲግሪ በሚሆንበት ደጋ ግን ውሃውን በ15 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጎ ማቆየት ስላለበት 50 ዋት ያለው ይመረጣል። አኳሪየሙ ክዳን ይኑረው፤ ሙቀት በብዛት የሚወጣው ከውሃው ፊት በሚተን እርጥበት ነው። ክዳን ሌላም ጥቅም አለው። ቤታ ከስንጥቡ ሌላ ላቢሪንት በተባለ አካል ከውሃው ፊት አየር እየቀዳ ይተነፍሳል፤ ክዳን ካለ ከውሃው በላይ ያለው አየር ሞቅ ያለና እርጥብ ሆኖ ይቆያል። በእኛ ከፍታ ውሃ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ይህ አካል እዚህ የበለጠ ያስፈልገዋል። ክዳኑ አየር የሚያስገባ ክፍተት ይኑረው፤ በውሃውና በክዳኑ መካከልም ጥቂት ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ይተው።

ከአየር የሚተነፍስ በመሆኑም የቤቱ ጭስ በቀጥታ ያገኘዋል። ቡና በሚፈላበትና ዕጣን በሚጤስበት፣ ከሰል በሚነድበት ወይም ምጣድ በሚጣድበት ክፍል አኳሪየም አይቀመጥ። የበረሮና የዝንብ መግደያ ፍሊት ደግሞ ለዓሣ እጅግ መርዝ ነው፤ በጎረቤት ክፍል እንኳ ሲነፋ ክዳኑ በጨርቅ ይሸፈን።

ውሃ ሲቀይሩ ማሞቂያውን ከሶኬት ነቅለው ሩብ ሰዓት ያህል ያቆዩት፤ ጋለ እያለ ከውሃ በላይ ከወጣ መስተዋቱ ይፈነዳል። ገመዱም ከሶኬቱ በታች ዝቅ ብሎ ዞሮ ይውጣ፤ እንዲህ ከሆነ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ወደ ሶኬቱ አይገባም።

መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ከአሁኑ ይወስኑ። አኳሪየሙን በአራት ጎኑ በብርድ ልብስ ይጠቅልሉት። መብራቱ ሳይመጣ ከቆየ ሙቅ ውሃ የሞላበት ክዳኑ የጠበቀ ሃይላንድ ውሃው ላይ ያንሳፉ፤ አስቀድመው ግን እንዳይፈስ ጥቂት ውሃ ይቀንሱ። ሃይላንዱ ሲበርድ በሌላ ይተኩት፤ ሁለት ሦስት ባንድ ጊዜ አይክተቱ። መብራት እስኪመጣ ድረስ ዓሣውን አይመግቡ።

በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬና በሌሎች የቆላ ከተሞች ላሉ አንባቢዎች ጉዳዩ ይገለበጣል። በዚያ ያለ ማሞቂያም ውሃው የሚስማማ ሙቀት ሊይዝ ይችላል፤ የሚያሰጋው ከቀትር በኋላ ከ30 ዲግሪ በላይ መውጣቱ ስለሆነ፣ አኳሪየሙ ከመስኮትና ከቆርቆሮ ግድግዳ ይራቅ።

አምስተኛ፦ ጨው

ውሃው ንጹሕና ሞቃት ሆኖ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ከቆየ በኋላ ቅዳጁ እየሰፋ ካልሄደ፣ ጨውም አያስፈልግም፤ በዚሁ ይቀጥሉ። ጠርዙ መሸራረፉን ካላቆመ ግን ጨው ይጨመራል። የዓሣ ደም ከሚኖርበት ውሃ ይልቅ ጨዋማ ስለሆነ ውሃው ያለማቋረጥ ወደ ሰውነቱ ይገባል፤ ዓሣውም የገባውን ለማስወጣት ጉልበት ያወጣል። ቁስል ሲኖር የሚገባው ውሃ ይበዛል። መጠነኛ ጨው ይህን ሸክም ይቀንሳል፣ አንዳንድ ባክቴሪያዎችንም ያዳክማል፣ ናይትራይት በስንጥብ በኩል እንዳይገባም ይከላከላል።

መጠኑ ለ1 ሊትር ውሃ 1 ግራም ነው። አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ከ5 እስከ 6 ግራም ስለሚመዝን ለ10 ሊትር ሁለት ልሙጥ ማንኪያ ይበቃል። በሁለት ቀን ውስጥ ለውጥ ካልታየ በሊትር ወደ 2 ግራም ከፍ ማድረግ ይቻላል። ጨውን ደረቁን ዓሣው ባለበት አይበትኑት፤ በኩባያ ለብ ባለ የአኳሪየም ውሃ አሟሙተው በአንድ ሰዓት ውስጥ በሦስት ወይም በአራት ጊዜ ያፍሱት። የቤት ጨው አዮዲን ቢኖረውም በዚህ መጠን ዓሣውን አይጎዳም። አሞሌ ግን አፈርና ሌላ ማዕድን ሊኖረው ስለሚችል ይቅር።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ውሃ ሲተን ጨው አብሮ አይተንም፤ ስለዚህ የተነነውን ለመተካት የሚጨመረው ውሃ ጨው አይግባበት። 5 ሊትር አውጥተው 5 ሊትር ሲቀይሩ ደግሞ ለ5 ሊትሩ ብቻ የሚበቃ ጨው ይጨምሩ። ሕክምናው ከ7 እስከ 10 ቀን ይቆያል፤ ከዚያ ውሃ ሲቀየር ጨው እየተወ በራሱ እንዲቀልል ይደረጋል። ሕይወት ያላቸው ተክሎች ወይም ቀንድ አውጣዎች ካሉ ስለሚጎዱ ዓሣው በሌላ ዕቃ ይታከም።

ስድስተኛ፦ መድኃኒት መቼ

መበስበሱ በቀናት ውስጥ ወደ ክንፉ ሥር ከቀረበ፣ ቀያይ ጭረቶች ከበዙ፣ ዓሣው መብላት ካቆመ ወይም ነጩ የጥጥ ብናኝ ከታየ መድኃኒት ያስፈልጋል። የክንፍ መበስበስን የሚያመጡት ባክቴሪያዎች፣ ኤሮሞናስና ፕሲዶሞናስ የመሳሰሉት፣ በአብዛኛው ግራም ኔጋቲቭ ከሚባለው ወገን ናቸው፤ ሁሉም አንቲባዮቲክ አይሠራባቸውም። በቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ከፍቶ መበተን በሰፊው ሲደረግ አያለሁ፤ ይህን አጥብቄ አልመክርም። ቴትራሳይክሊን ከካልሲየምና ከማግኒዥየም ጋር ስለሚጣበቅ ማዕድን በበዛበት ውሃ ኃይሉን ያጣል፤ በግምት የተሰጠ መጠን ደግሞ መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎችን ያፈራል።

የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ። በአካባቢያችን ያሉ ሐኪሞች ሥራቸው በአብዛኛው ከበግና ከከብት ጋር ቢሆንም፣ የሚሰጠውን መድኃኒት ከውሃው ልክ ጋር ለማስላት ከማንም ይሻላሉ። ሲሄዱ የዓሣውን ፎቶዎች፣ የአኳሪየሙን ልክ በሊትር፣ የውሃውን ሙቀትና የጨመሩትን ጨው ጽፈው ይያዙ። መድኃኒቱ በተለየ ዕቃ ይሰጥ፤ ዋናው አኳሪየም ውስጥ ከገባ የፊልተሩን ባክቴሪያዎች ስለሚገድል ዓሣው ድኖ ሲመለስ አሞኒያ ይጠብቀዋል። ሜቲሊን ብሉ የሚባለው ሰማያዊ መድኃኒትም እንዲሁ። በፊልተሩ ውስጥ ከሰል ካለ መድኃኒቱን ስለሚመጥ ይውጣ። የታዘዘውን ቀን ሙሉ ይጨርሱ፤ ክንፉ ያማረ ሲመስል በመሀል አያቋርጡ።

ኮለምናሪስ ከተጠረጠረ ሙቀቱን ከፍ አያድርጉ። ይህ ባክቴሪያ በሙቅ ውሃ ይፈጥናል፤ ስለዚህ ከ24 ዲግሪ ሳያልፉ ይቆዩና በዚያው ቀን መድኃኒት ይፈልጉ።

ሰባተኛ፦ ምግብና ክትትል

አዲስ ክንፍ የሚሠራው ከፕሮቲን ነው። ለቤታ የተዘጋጀ ፍሬ ምግብ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ሁለት ወይም ሦስት ፍሬ ይበቃል፤ የተረፈው ወዲያው ይውጣ። የወባ ትንኝ እጭ የተፈጥሮ ምግቡ ቢሆንም ከኩሬ የተቀዳ ከሆነ ተባይና በሽታ ይዞ ይመጣል፤ ወባ ባለበት ቆላ ደግሞ እጭ ለማፍራት ሲባል ውሃ ማቆር የሰፈሩን ሰው ለአደጋ ማጋለጥ ስለሆነ ፈጽሞ አይደረግ። እንጀራ፣ ዳቦና ሩዝ ለቤታ ምግብ አይደሉም።

መዳን ሲጀምር በተጎዳው ጠርዝ ላይ እንደ ቀይ ሽንኩርት የውስጥ ልጣጭ ስስና ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ይወጣል። ብዙ አሳዳጊ ይህን ነጭ ዳር አይቶ በሽታው ተመለሰ ብሎ ይደነግጣል። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ አዲሱ ክንፍ ለስላሳና እኩል ሆኖ ከቀን ወደ ቀን ወደ ውጭ ይሰፋል፣ መበስበስ ግን ወጣ ገባ ሆኖ ወደ ውስጥ ይገባል። የቆዳ ቅዳጅ ብቻ ከሆነ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይገጥማል፤ ዘንጎቹ የተበሉበት ክንፍ ግን ከአንድ እስከ ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ቀለሙ ከቀድሞው ሊለይ፣ ዘንጉም ጠመም ብሎ ሊያድግ ይችላል፤ ይህ ጉዳት የለውም። መበስበሱ እስከ ሰውነቱ የደረሰበት ክንፍ ግን ተመልሶ አይበቅልም፤ ዓሣው ግን ከቀረው ክንፉ ጋር በደህና ሊኖር ይችላል።

ጭራውን ራሱ ለሚነክስ ዓሣ ከተባለው ሁሉ በተጨማሪ ማረፊያና መደበቂያ ያስፈልገዋል። ከውሃው ፊት ዝቅ ብሎ ሰፊ ለስላሳ ቅጠል ያለው ተክል ወይም ጠርዙ የለሰለሰ የሸክላ ገል ያኑሩለት፤ ጭራው የከበደው ዓሣ ወደ ላይ ለአየር በወጣ ቁጥር የሚደገፍበት ካገኘ ይረጋጋል። መብራቱም በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ብቻ ይብራ፤ ሌሊት ይጨልምለት።

በመጨረሻም ስለ ዕቃና ስለ እጅ። መረቡ፣ ቱቦውና የሕክምናው ዕቃ በበረኪና በተቀላቀለ ውሃ ተነክሮ፣ ብዙ ጊዜ ተለቅልቆ፣ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ በፀሐይ ይድረቅ። እጅዎ ላይ ቁስል ካለ ያለ ጓንት ወደ አኳሪየም አያስገቡት፤ ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የተባለ በዓሣ ውሃ ውስጥ የሚገኝ ባክቴሪያ በቁስል በኩል ገብቶ በሰው ቆዳ ላይ ለረጅም ጊዜ የማይድን እብጠት ያመጣል። ሥራውን ሲጨርሱ እስከ ክርንዎ ድረስ በሳሙና ይታጠቡ። የወጡት ጌጦችም አዲሱ ክንፍ ቀለም ይዞ እስኪጠነክር ድረስ አይመለሱ፤ ከዚያም በስቶኪንጉ የተፈተኑት ብቻ፣ አንድ በአንድ፣ በመካከላቸው ጥቂት ቀናት እየተጠበቀ ይግቡ።